ሮብና ዓርብ የሚጾም ሰርቨር

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ባሕር ዳር እንማርበት በነበረው ትምህርት ቤት ነው። የማልረሳው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሽታው ነው። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ ትደርሱበታላችሁ። ምሳ እየበላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ግን መጀመሪያ ብሉና ጨርሱ፤ በኋላ እኔን እንዳትረግሙኝ።

ኢክራም እባላለሁ። አባቴ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው። እኔ ግን ከጨርቅ ይልቅ ኮምፒውተር ይስበኛል። የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ ክበብ አባል ስለነበርሁ፣ ቤት ውስጥ ስልክ ሲበላሽም ሪሞት ሲጠፋም የምጠራው እኔ ነኝ።

ፈተናው በኮምፒውተር እንደሚሆን ሲነገረን ትምህርት ቤቱ መለማመጃ አዘጋጀልን። ከኮምፒውተር ላቡ ጎን አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ውስጥ ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተር ተቆልፎበት ይቀመጣል። ጥያቄዎቹ ያሉት እሱ ዘንድ ነው። እኛ ላቡ ውስጥ ተቀምጠን አድራሻውን ስንከፍት ጥያቄ ይልክልናል፣ መልሳችንን ስንጫን ተቀብሎ ያርማል። እንዳይግል ተብሎ ኤሲ የተገጠመለት ክፍል በግቢው ውስጥ የእሱ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ እንኳ በመስኮት ነው የሚተነፍሱት።

የላቡ ኃላፊ ቲቸር አንተነህ ነበር። ወጣት ነው። «አንቱ ስትሉኝ አረጃለሁ» ስለሚለን አንተ ነው የምንለው። ፀጉሩን ይቀባል፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ይለብሳል፣ በደረት ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ የታጠፈ ሶፍት ይይዛል። ይህችን ሶፍት አስታውሱልኝ።

ተማሪው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ ሰኞና ሐሙስ፣ እኛ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ከእኔ አጠገብ የምትቀመጠው ያለም ትባላለች። የመጣችው ከቁንዝላ ነው፤ አባቷ ሐይቁ ላይ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። ባሕር ዳር ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው እዚያ ላብ ውስጥ ነው። አያያዟ ትዝ ይለኛል፤ እንደ ጫጩት፣ እንዳትጨፈልቃት የፈራች ያህል። ሒሳብ ላይ ግን ክፍሉን ሁሉ ታስከነዳለች።

ልምምዱ ከፋሲካ በኋላ ሲጀመር ምንም ችግር አልነበረበትም። ያለምም እጇ እየተፍታታ መጣ። ሰኔ ሲገባ ግን ሰርቨሩ አመል አወጣ።

ጥያቄ እየሠራችሁ መሐል ላይ ገጹ ይቆማል። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይመለሳል። የጫናችሁት መልስ ግን ጠፍቷል። እንደገና ትጀምራላችሁ፣ እንደገና ይቆማል። ሲብስ ቲቸር አንተነህ ቁልፉን ያወጣና ወደ ጠባቧ ክፍል ገብቶ በሩን ከውስጥ ይዘጋል። ቆይቶ ይወጣና «ሪስታርት አድርጌዋለሁ» ይላል። እውነትም ለጥቂት ጊዜ ይሠራል።

በዚያው ሰሞን ላቡ መሽተት ጀመረ።

መጀመሪያ የረጠበ ካልሲ ሽታ መስሎን ወንዶቹን ተቆጣን። ቀጥሎ ክረምት ገብቶ ግድግዳው እርጥበት ይዞ ነው አልን። ከዚያ ግን ማንም ሊሳሳተው የማይችል ሆነ። የዓሣ ሽታ ነው። ያውም ሐይቁ ዳር ሲያልፉ የሚሸተው ዓይነት አይደለም፤ ያደረ፣ የወፈረ፣ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። አፌን ስከፍት የቀመስሁት ይመስለኝ ነበር። እንደ ጉድ ዝንብ መጣ። ስክሪን ላይ ያርፋል፣ ከንፈር ላይ ያርፋል። አንዱ ሳዛጋ አፌ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል። ይህን ስጽፍ እንኳ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ።

ዓሣ ከተባለ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን እንደሆነ አስቡት።

ቢንያም የሚባል ቀልደኛ ልጅ አለ። ከኋላችን ነው የሚቀመጠው። «ቁንዝላ ደረስን እንዴ? ታንኳዋን ያዙልኝ፣ ልውረድ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ያለምም አብራ ለመሳቅ ሞከረች። የሰኞዎቹ ተማሪዎች እንኳ ላቡ ይሸታል ሲሉ መልሱ «የቁንዝላዋ ልጅ ትታው የሄደችው ነው» ሆነ።

አንድ ረቡዕ ቲቸር አንተነህ ያለምን አንድ ነገር ሊያሳያት ጎንበስ አለና አፍንጫውን ሰበሰበ።

«ያለም፣ ቤት ውስጥ ዓሣ ነው የምትሠሪው?»

«አይ ቲቸር።»

«ብትሠሪም ችግር የለውም። ላብ ስትገቢ ግን ታጠቢ። ይሄ የጋራ ዕቃ ነው።»

ከዚያ ያቺን ሶፍት ከደረት ኪሱ አወጣ። ያለም የለቀቀችውን ማውስ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጀርባውን ጠረገ፣ ሆዱን ጠረገ፣ ጎንና ጎኑን ጠረገ። ሶፍቷን ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለና በማውሱ እያመለከተ ማስረዳቱን ቀጠለ። ክፍሉ ሁሉ አይቷል።

ያለም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዕረፍቱ ቧንቧው ጋ ቆማ እጇን በልብስ ሳሙና ትፈትግ ጀመር። ጣቶቿ መሐል ነጥቶ ተሰነጣጠቀ። «ባሕር ዳር ከመጣሁ እኮ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም» አለችኝ አንድ ቀን። «ዓሣ እዚህ ለሀብታም ነው። እኔ ሽሮ ነው የምበላ።»

የባሰው የመጣው በዚያው ሳምንት ዓርብ ነው። ሰርቨሩ ሦስቴ አራቴ ቆመ። ቲቸር አንተነህ ትዕግሥቱ አለቀና ያለም ራስጌ መጥቶ ቆመ።

«አንቺ ነሽ። ጠብቂ ስልሽ አትጠብቂም። ደጋግመሽ እየጫንሽ ሰርቨሩን ታስጨንቂዋለሽ፣ ለሌላውም ይቆማል። ከመጪው ዓርብ ጀምሮ አንቺ በወረቀት ተለማመጂ።»

«ቲቸር፣ ፈተናው በወረቀት አይደለም» አለች።

«ሌላው እንዲለማመድ ብዬ ነው። ተረጂኝ።»

ስንወጣ በሐይቁ ዳር መንገድ በእግራችን ሄድን። «ወረቀትማ መች አቃተኝ?» አለች ያለም። «ያቃተኝ ያ ማውስ ነው። አሁን ገና ለመድሁት ስል ሊቀሙኝ ነው። አባቴ ጀልባ ላይ አድሮ የሚያስተምረኝ ለዚህ ነው? ፈተና ላይ ቁጭ ብዬ ቀስቱ የት ገባ እያልሁ ስፈልግ ሰዓቱ ሊያልቅ?»

«የሚያቆመው አንቺ አይደለሽም» አልኋት።

«በምን አወቅሽ?»

በምንም አላወቅሁም። ግን እስከ መጪው ዓርብ አንድ ረቡዕ አለችን። ለማወቅ እሷ ትበቃኛለች ብዬ አሰብሁ።

ቅዳሜና እሑድ የሱቁን ወንበር ይዤ በስልኬ ሳነብ ዋልሁ። ሰርቨር እየቆመ የሚመለሰው በምን በምን ምክንያት እንደሆነ ሁሉ ፈለግሁ። መብራት ቢሆን ላቡም አብሮ ይጠፋ ነበር። ሰው በዝቶበት ቢሆን የሰኞዎቹ ከእኛ ይበዛሉ፣ እነሱን ግን አንድም ቀን አልቆመባቸውም። ክረምቱና ነጎድጓዱ ቢሆን ዝናቡ ቀን አይመርጥም።

ረቡዕ ላብ ስንገባ ያለምን «ዛሬ ምንም አትንኪ። እጆችሽን ራስሽ ላይ አድርጊና ተቀመጪ» አልኋት።

«እንደ እስረኛ?»

«እንደ እስረኛ።»

ተቀመጠች። ቢንያም «ማን ያዛት?» ብሎ ሳቀ። እኔ ጥያቄውን ትቼ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፈትሁና ወደ ሰርቨሩ ፒንግ ማድረግ ጀመርሁ። ፒንግ ማለት አጥር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። በሕይወት ያለ ኮምፒውተር «አቤት» ይላል። ሰርቨሩ አቤት፣ አቤት፣ አቤት ሲል ቆየና ዝም አለ። ከዚያ አቤት አለ። ደግሞ ዝም። በር ላይ ቁጭ ብሎ የሚያንጎላጅ ዘበኛ በሉት፤ ይነቃል፣ ይተኛል፣ ይነቃል። ላቡ ውስጥ ያሉትን ሌሎቹን ኮምፒውተሮች ብጣራ ሁሉም ሳያቋርጡ አቤት ይላሉ።

በዚህ መሐል ክፍሉ «ቆመ! ቆመ!» ብሎ ጮኸ። ያለም እጆቿ ራሷ ላይ ናቸው። ሁሉም ዞሮ አያት።

«ቀድማ ነክታው ይሆናል» አለ ቲቸር አንተነህ።

«ከገባን ጀምሮ አልነካችም ቲቸር» አልሁ። «ግን ሰርቨሩ ሲቆም እዚያ ውስጥ ገብተህ ስታየው ይጠፋል?»

«አይጠፋም። በርቶ ነው የማገኘው።»

«እና በርቶ ካገኘኸው የታመመው እሱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ኬብሉ ይሆናል። ገብቼ ልየው?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እዚያ ተማሪ አይገባም» አለ። ቆየት ብሎም «ቅዝቃዜው ጉንፋን ያስይዝሻል» ብሎ ጨመረበት። ለጉንፋን ተጨንቆልኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስንበተን ቢንያም በሩ ላይ ቆሞ «ተዉት ባካችሁ፣ ይሄ ሰርቨር ጾመኛ ነው» አለ። «ሰኞ ጠግቦ ያድራል፣ ሮብና ዓርብ ይጾማል። አይፈረድበትም፣ ባሕር ዳር ያደገ ነው።» ሁላችንም ሳቅን። ያለም ብቻ አልሳቀችም። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ኢክራም፣ ሃምሳውን ሙሉ እኮ ሠርቷል።»

«የምን ሃምሳ?»

«ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሮብና ዓርብ አይጾምም። እኛ ልምምድ የጀመርነው ያኔ ነው። እኔም ያኔ ስጫን ነበር፣ ምንም አልሆነም። መቆም የጀመረው ሃምሳው ሲወጣ ነው።»

እኔ ሙስሊም ስለሆንሁ ይህን ሒሳብ በራሴ አልደርስበትም ነበር። ቆሜ አሰብሁና «እና ሰርቨሩ ክርስትና ተነሣ ማለት ነው?» አልኋት።

«ሰርቨሩማ ምን ያውቃል። የሚጾመው እዚያ ክፍል የሚገባው ሰው ነው።»

«ሰው ቢጾም ኬብል ምን ይሆናል?»

እሷም አላወቀችም። ወላሂ፣ አፍንጫችን ፊታችን ላይ ተተክሎ ሁለታችንም እዚያ ላይ ቆምን።

ዓርብ መጣ። ያለም ከኋላ ጥግ ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቷት ተቀመጠች። ከአጠገቤ ቦታዋ ባዶ ነው። ሽታው በዚያ ቀን ከምንጊዜውም የከፋ ነበር፤ ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ አስሬ ነው የተቀመጥሁት። ብዙም ሳንቆይ ሰርቨሩ ቆመ። ያለም እርሳሷን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየች። ቲቸር አንተነህ ሊገባ ቁልፉን ሲያወጣ ግን ለስብሰባ ተጠራና እንደ ያዘው ሄደ።

መጀመሪያ ያየው ቢንያም ነው። አየው ከምል ረገጠው ብል ይሻላል። ነጭ ጫማ አድርጎ ነበር። በጠባቧ ክፍል በር ሥር ሮዝ መልክ ያለው ውኃ እየተሳበ ይወጣል። ጫማውን ሲያነሣው ከሶሉ ሥር እንደ ልጋግ ያለ ነገር ተጎተተ።

«ምንድን ነው ይሄ? የሳል ሽሮፕ ነው?» አለና ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ያ ልጅ ለምን እንዳሸተተው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

ውኃው ወደ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያው አቅጣጫ ነበር የሚሄደው። እኔ ሮጬ ምክትል ርዕሰ መምህሯን፣ ወይዘሮ ሰናይትን ጠራኋቸው። ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው። መጥተው ውኃውን በዓይናቸው ተከተሉትና «ኤሲው አፍስሶ ይሆናል፣ ራቁ» ብለው ከፈቱ።

ሽታው እንደ ሰው ገፍትሮን ወጣ። ወይዘሮ ሰናይት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጭነው ወደ ኋላ አሉ።

ኤሲው ፊት ለፊት፣ ከጣሪያው የሚወርደው የሰርቨሩ ኬብል ላይ፣ ጥቁር ፌስታል ተንጠልጥሏል። ጆሮው ኬብሉ ላይ ተቋጥሯል። ከአፉ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጭራዎች ወጥተዋል፣ አንድ የፈዘዘ ዓይንም ያየናል። ኤሲው ሲነፍስ ፌስታሉ ይወዛወዛል። ከሥሩ የሚንጠባጠበው ውኃ ግማሹ ወለል ላይ ይወድቃል፣ ግማሹ ደግሞ ከቋጠሮው ጀምሮ ኬብሉን ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ሰርቨሩ ላይ የተሰካው ጫፍ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ዙሪያውን አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። በረሮዎች ተሰብስበው ይልሱታል። እኔን ያቅለሸለሸኝ ከዓሣው ይልቅ ያ መላሳቸው ነው፤ ምንም አልደነገጡም፣ ቤታቸው ነው።

ግን ገባኝ። ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ።

«ቢንያም፣ ኮምፒውተሬ ጋ ሂድና ፒንጉን እያየህ ጩኽልኝ!»

የመጥረጊያ እንጨት አንሥቼ ፌስታሉን በሩቁ ደገፍሁት።

«አለ!» አለ ቢንያም።

ለቀቅሁት። ፌስታሉ ሄደ።

«የለም!»

ተመለሰ።

«አለ! … የለም! … አለ!»

ክፍሉ ሁሉ ተቀበለው። ፌስታሉ ወዲህ ሲል አለ፣ ወዲያ ሲል የለም። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው መያዣ ፕላስቲክ ተሰብራለች፤ የዓሣው ክብደት ሲጎትተው ይላቀቃል፣ ሲመለስ ይነካል። ስንት ሳምንት ያለቀስንበት ሰርቨር የሚያንቀላፋው በዓሣ ጭራ ነበር።

ወይዘሮ ሰናይት ወደ ያለም ዞሩ። ክፋት አስበው አይመስለኝም። «ያለም፣ አንቺ የቁንዝላ ልጅ ነሽ፣ ዓሣ አያስፈራሽም። እስቲ አውርጂልን» አሏት።

ያለም እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ አልነካም» አለች። «ከነካሁ ላቡ ዓሣ ዓሣ ሸተተ ይሉኛል።»

በዚህ መሐል ቲቸር አንተነህ ከስብሰባው ተመልሶ በር ላይ ደረሰ። ቁልፉ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል። እኛን አየ፣ የተከፈተውን በር አየ፣ ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

«ያንተ ነው?» አሉት ወይዘሮ ሰናይት።

«አዎ… ጾም ነውና…» አለ። «ሮብና ዓርብ ዓሣ ነው የምበላው። ማታ ስወጣ ሐይቁ ዳር የሚቀረው የወየበው ነው። በምሳ ሰዓት ነው ደኅናው የሚገኘው። መምህራን ማረፊያ ባስቀምጠው ሸተተን አሉኝ። ቀዝቃዛው ክፍል ይሄ ብቻ ነው።»

«ኬብል ላይ?»

«መሬት ላይ ሳደርገው ጉንዳን ወረረብኝ።»

ሪስታርት እያለ ሲገባ ምን ያደርግ እንደነበር እኔ ጠየቅሁት። ሰርቨሩን አጥፍቶ ያበራው ነበር፤ ለዚያም ፌስታሉን ወደ ጎን ገፋ ያደርገው ነበር። ሰውዬው እየዋሸ አልነበረም። ሪስታርቱ የሠራ ነው የመሰለው።

«እንግዲህ አውርደው» አሉት ወይዘሮ ሰናይት።

የተተኮሰውን የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቆ ነበር፤ ጥፍሩን ማስገባት ነበረበት። ውኃው በክንዱ ወርዶ እስከ ክርኑ ደረሰ። ፌስታሉ ወጥቶ ሲሄድ ግን ሽታው አብሮት አልሄደም።

«ይሄ የዛሬ ሽታ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሰናይት። «ሳጥኑን ሳቡት።»

የሰርቨሩን ሳጥን ከግድግዳው ስንስበው ከጀርባው ነጭ ሩዝ የፈሰሰ መሰለኝ። ምሳውን እዚህ ነው እንዴ የሚበላው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ሩዙ ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ በላይ አልገልጸውም። ከፌስታሉ አምልጦ የወደቀ አንድ ዓሣ ነበረ፣ መቼ እንደወደቀ አላህ ይወቀው። ነበረ ነው የምለው፤ የቀረው አጥንትና ትሉ ነው። ቢንያም መስኮት ድረስ ሳይደርስ አስመለሰ፣ በዚያው ነጭ ጫማው ላይ። እኔም ደጅ ወጥቼ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ። ከውስጥ የወይዘሮ ሰናይት ድምፅ ይሰማኛል፤ አይጮኹም።

«አንተነህ፣ ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጥተህ ስለዚህች ልጅ ንጽሕና ምን ነበር ያልኸኝ?»



ሰኞ አዲስ ኬብል ተገጠመ፣ ክፍሏም በበረኪና ታጠበች። ሰርቨሩን ብጣራው አቤት፣ አቤት፣ አቤት፣ ሳያቋርጥ። ቲቸር አንተነህ ያለምን «ወደ ቦታሽ ተመለሺ» አላት። ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣም። ቢንያም እንኳ ብሏል፤ በራሱ መንገድ፣ «ከእንግዲህ ታንኳዋን እኔ እቀዝፋለሁ» ብሎ።

ረቡዕ ያለም ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። ቲቸር አንተነህ የሰኞውን ኬብል የገጠመ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ጥያቄው ተከፈተ። ሁላችንም መጫን ጀመርን። ያለም ግን ማውሱን አልነካችም። ከደብተሯ መሐል የታጠፈ ሶፍት አወጣች። ማውሱን በሁለት ጣቷ አንሥታ ጀርባውን ጠረገች፣ ሆዱን ጠረገች፣ ጎንና ጎኑን ጠረገች። አልቸኮለችም። ሶፍቷን ጠቀለለችና ተነሥታ በሩ አጠገብ ወዳለው ቅርጫት ሄደች። እሱ መንገዱ ላይ ቆሟል።

«ትንሽ ያሳልፉኝ» አለችው።

ከዚያ በፊት አንቱ ብላው አታውቅም። ፈቀቅ አለላት።

ፈተናውን ከእኔ ቀድማ ጨርሳ ወጣች፤ በኋላም አለፈች። እኔ አሁንም ዓሣ አልበላም። እናቴ «ሐይቅ ዳር ተወልዳ ዓሣ የምትጸየፍ» ትለኛለች። እንደምንም ብዬ አንድ ቀን ልበላ እችል ይሆናል፤ የዚያን ቀን ሽታ ቀስ በቀስ እየለቀቀኝ ነው። የዚያች የደረት ኪስ ሶፍት ነገር ግን አልለቀቀኝም። ሁለተኛው የማልረሳው ነገር እሱ ነው። ትሉን ሳስብ ያቅለሸልሸኛል፣ ሶፍቷን ሳስብ የባሰ።

ያለም አሁን ዩኒቨርሲቲ ነች። ባለፈው ስትደውልልኝ፣ ላብ ውስጥ የማንንም ማውስ ከመያዟ በፊት አሁንም እንደምትጠርግ ነገረችኝ።

«ማን ምን ነክቶ እንደመጣ በምን ይታወቃል?» አለችኝ።

እኔም መጥረጉን ለምጄዋለሁ።